ካርድ የሌላት ካሜራ

አንዲት እናት ነበረች። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ዓሣ የምትበልት።

ከጠዋት እስከ ማታ ቆሮሶ ትበልታለች። ቅርፊቱን ትፍቃለች፣ ሆዱን ትከፍታለች፣ ታጥባለች፣ ትሸጣለች። ቀኝ እጇ ድሮ ተሰብሮ በወጌሻ የተጠገነ ነው፤ ቢላዋ ይይዛል፣ ከቢላዋ የከበደ ነገር ግን ብዙ አይችልም። ግራ ዓይኗን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል።

እስኪ ልጠይቃችሁ። እንዲህ ያለች ሴት ካሜራ መሸጫ ቤት ገብታ ምን ትሠራለች? ሴልፊ ልትነሳ?

አትሳቁ። ስሟ እትዬ ጠጅቱ ነው። አንድ ልጅ ነበራት። ነበራት ስላችሁ አልሞተም፤ መነነ።

ልመንህ ይባላል። በሃያ ሁለት ዓመቱ ብድግ ብሎ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ገዳም ገባ። ያ ገዳም ሴት አይገባበትም። ሴቶች በጀልባ ይሄዳሉ፣ ከወደቡ ወዲህ ውኃው ላይ ሆነው ይሳለማሉ፣ ይመለሳሉ። እናትም ብትሆን? እናትም ብትሆን። ልጁ ደግሞ አመክሮ ላይ ነው፤ ከመመንኮሱ በፊት የሚፈተንበት ዘመን ማለት ነው። እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ወደ ወደቡ አይወርድም፣ ደንባቸው ነው።

ሊሳፈር ሲል አንድ ነገር ብቻ ለመናት። «እማ፣ በሞቴ፣ ፎቶ የሚያነሳኝ ሰው እንዳትልኪብኝ። እኔ ፎቶ ትቻለሁ።»

«ተወው። መልክህን እኔ አውቀዋለሁ» አለችው።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል አንዲት ጎረቤት ዓሣ ልትገዛ መጥታ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ልጅሽ ታሞ ነበር አሉ» አለቻት። ዓሣዋን ይዛ ሄደች። እትዬ ጠጅቱ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደሴቱ የሚመለስ ወንድ አያመልጣትም።

«ልጄን አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሌላውን ትጠይቃለች። «ደህና ነው።» ሦስተኛውን ትጠይቃለች። «ኧረ ደህና ነው፣ ምን ሆነሻል!»

እናንተ የዚህ አገር ልጆች አይደላችሁም? «ደህና ነው» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የታመመ ሰው ደህና ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ደህና ነው። የሞተ ሰው እንኳ መርዶው እስኪነገር ድረስ ደህና ነው!

እሷም ታውቃለች። እሷም በተራዋ ስንቱን «ደህና ነው» ብላ ሸኝታለች። ስለዚህ፣ «በዓይኔ ካላየሁት አላምንም» አለች።

ግን በየትኛው ዓይን? ባለፈው ዓመት ንግሥ ጀልባ ላይ ሆና ሰልፉ ከዛፎቹ መሃል ሲወጣ አይታለች። ሁሉም ነጭ ለብሷል። ከሩቅ ሲታይ የተበተነ ጥጥ ነው። ልጇ የትኛው ጥጥ ነው? ሰልፉ ከዛፍ ወጥቶ ዛፍ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስንት እንደሚቆይ ግን ለክታዋለች። ልክ አንድ አባታችን ሆይ ይደገማል። አሜን ስትል የለም።

የዚያን ዕለት ሌላ ጀልባ ላይ አንድ ጎብኚ አፍንጫው የሚረዝም ካሜራ ይዞ ደሴቱ ላይ ያለ ወፍ ሲያይ ነበር። ወፍ! ይህን አልረሳችም። ንግሡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እጇን በሎሚ አሽታ፣ ነጠላዋን ለውጣ፣ ካሜራ ቤት ገባች።

ደብሬ የምትባል ሻጭ አለች። «ምን ልታዘዝ እማማ?»

«ያቺን አፍንጫዋ የሚረዝመውን።»

ደብሬ አፏን በእጇ ሸፈነች። «ዙም ያላትን ነው። ምን ያህል ርቀት ነው የሚያዩት?»

«ከጀልባ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ።»

ደብሬ መጀመሪያ ትልቁን ጥቁር ካሜራ አወረደች፤ ሌንሱ ብቻውን የክንድ ያህል ነው። «ይቺ የባለሙያ ናት። ሠርግ የሚያነሱት የሚይዟት።»

እትዬ ጠጅቱ ተቀብላ ፊቷ ላይ ደገነችና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

«ምን እያሉ ነው እማማ?»

«ዝም በይ፣ አባታችን ሆይ እየደገምኩ ነው።»

እንጀራ የሚለመንበት ጋ ስትደርስ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካሜራዋን መለሰችላት። «ውሰጃት። እንጀራው ላይ ጣለችኝ።»

ደብሬ አሁን ሳቋን አልደበቀችም። ኪስ የምትገባ ቀጭን ካሜራ ሰጠቻት። እሷስ ቀላል ናት፤ አባታችን ሆይ ሁለቴ ይደገምባታል። ደብሬ ማዶ መንገድ ዳር ያለውን ልብስ ሰፊ አቅርባ አሳየቻት። የሰውየው ፊት ተፈረካከሰ።

«ይሄ ሰው ነው ሽሮ?»

«እውነትዎን ነው። ይቺ አትጠጋም፤ ሥዕሉን ትለጥጠዋለች እንጂ። ትክክለኛው ዙም ሌንሱ ራሱ ወጥቶ የሚያቀርበው ነው።»

«ልጄን በውሸት አላይም» አለች እትዬ ጠጅቱ። ልጅ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ነው ከአፏ የወጣው። ደብሬ መሳቋን ተወች።

ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት ሦስተኛ አወጣች። ከአንድ ቆሮሶ አትከብድም። ስትበራ አፍንጫዋ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። እትዬ ጠጅቱ ከጀርባዋ ስክሪኑን እያየች ወደ ልብስ ሰፊው አዞረቻት። ከንፈሩ ላይ የያዘው ክር ታየ። ወደ አደባባዩ አዞረቻት፤ ትራፊክ ፖሊሱ ያዛጋል።

«ውይ! ይሄ ሰውዬ ጥርሱ ወርቅ ነው እንዴ?»

«እማማ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ!»

አንተ እዚያ ኋላ፣ «ሩቅ ማያ መነጽር አትገዛም?» ልትል አፍህን የከፈትከው፣ ዝጋው። ተውሳ ሞክራዋለች፤ ለዚያ ዓይኗ ብዥ አለባት። ስክሪኑ ግን ጥርት አለላት። አባታችን ሆይን ደገመች፣ እንጀራውን አለፈች፣ አሜን አለች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«ይቺ ናት።»

«ካርድ ልጨምርልዎ?»

«አልፈልግም።»

«ያለ ካርድ እኮ ፎቶ አይቀመጥም። ባዶ ናት እማማ።»

«ባዶዋን ስጪኝ።»

ደብሬ አልገባቸውም መሰለኝ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እናንተም እንደዚያው አሰባችሁ አይደል? ቆዩ።

የንግሡ ቀን ደረሰ። ስንሻው የሚባል ሰው በሚነዳው የሞተር ጀልባ ሃያ ምናምን ሴቶች ተሳፈሩ። ከወደቡ ወዲህ ቆሙ። ከበሮው ተሰማ። ነጩ ሰልፍ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለ፤ እትዬ ጠጅቱ ካሜራዋን አነሳች፣ አባታችን ሆይ ብላ ጀመረች።

ስክሪኑ ላይ ቅጠል መጣ። ሰማይ መጣ። የሰው እግር መጣ። ውኃ። ደግሞ ሰማይ።

ምን ሆነ? የካሜራ ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው። ሐይቁ ሲሚንቶ አይደለም። ክብደቱን ለክታለች፣ ርቀቱን ለክታለች፣ ጸሎቱን ለክታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ውኃ ዳር የኖረች ሴት ማዕበሉን ረሳችው!

«አይያዝልኝም!» አለች። «ስንሻው፣ ጀልባው እየተወዛወዘብኝ ነው!»

ስንሻው ሞተሩን አጠፋ። ምንም አልተለወጠም፤ ሴቶቹ ሁሉ ለማየት ቆመው ወደ አንድ ጎን ተደፍተዋል፣ ጀልባው ይንገዳገዳል።

እትዬ ካሳነሽ የምትባል ገብስ ነጋዴ፣ ሰፊ ሴት፣ ድምጿ ከሞተሩ የሚበልጥ፣ ዞር አለች። «እናንተ! ቁጭ በሉ! ሁላችሁም ወለሉ ላይ!»

«እኔስ ታቦቱን አላይም እንዴ?» አለች አንዷ።

«አንቺ በሚቀጥለው ዓመትም ታዪዋለሽ። የእሷ ልጅ ታሟል፤ ቁጭ በይ!»

ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ የጠበቁትን ትተው ጀልባው ወለል ላይ፣ ምንም በማያዩበት፣ ተቀመጡ። ካሳነሽ ከኋላዋ ቆማ ወገቧን ያዘች። ሁለት ሴቶች ጉልበቷን አቀፉ። «ማንም እንዳይተነፍስ» አለች ካሳነሽ፤ እውነትም ማንም አልተነፈሰም።

የቀረው ግማሽ አባታችን ሆይ ነው።

አንድ ሽማግሌ መጡ። እሱ አይደለም። ጥላ የያዘ ዲያቆን። እሱ አይደለም። ከበሮ መቺ። እሱ አይደለም። ከዚያ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ፊት መጣ። በአራት ዓመቱ የዓሣ ሣጥን ላይ ወድቆ ያመጣው ጠባሳ፣ ደሙን በቀሚሷ የጠረገችለት።

ጢም አውጥቷል። ጉንጩ ገብቷል። ከስቷል፣ ታሞ ነበር፣ ሰው ሁሉ ዋሽቷታል። ግን አፉን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይዘምራል፣ ልክ በልጅነቱ ጎረቤት እስኪቆጣ ድረስ ይጮህ እንደነበረው። የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ሐይቁ አየ።

እሱ ካሜራ የለውም። ጀልባዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ለእሱም ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ጥጥ ነው። ዓይኑ የእሷ ጀልባ ላይ መጣ፣ አለፈ፣ ተመለሰ። እየፈለጋት ነበር።

አሜን። ዛፉ ሸፈነው።

ሴቶቹ በአንድ ላይ ተነፈሱ። «አነሳሽው?»

«አላነሳሁትም።»

«እንዴ! ለምን?»

«ፎቶ ትቻለሁ ብሎኛል። እኔ ላየው ነው የመጣሁት።»

«እንዴት ነው ታዲያ?» አለች ካሳነሽ፣ ወገቧን ሳትለቅ።

«ደህና ነው» አለች እትዬ ጠጅቱ። ከዚያ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሰማችው ይመስል ቆም አለች። «ከስቷል። ታሞ ነበር። ግን ደህና ነው።» ያን ጊዜ አለቀሰች። ሃያ ሴቶችም፣ አንዷም ሳታየው፣ አብረዋት አለቀሱ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ይህች እናት የልጇን ፊት ለማየት ካሜራ መረጠች፣ ሐይቅ ተሻገረች፣ ሃያ ሴት ትንፋሹን ያዘላት። እናንተስ? የእናታችሁ ፊት ስንት ርቀት ላይ ነው? ሐይቅ አለ በመሃላችሁ? ደሴት አለ? አንድ በር ነው! አንዳንዶቻችሁማ በርም የላችሁ፣ መጋረጃ ናት።

የማታውቁትን ሰው ፎቶ ስልካችሁ ላይ በሁለት ጣት እየከፈታችሁ ጫማው ምን እንደሆነ ታያላችሁ። የአባታችሁ ጫማ ምን ቀለም ነው? ንገሩኝ።

በበዓል ቀን «የኔ ጀግና እናት» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ደብሬ ምን አለች? አትጠጋም፤ ትለጥጠዋለች። ከዚያ ማታ እናታችሁ «ዛሬ እንዴት ዋላችሁ?» ስትላችሁ፣ ዓይናችሁን ሳታነሱ፣ «ደህና።» እሷም ስትጠየቅ «ደህና።» ቤት ሙሉ ደህና! ማን ከስቷል? ማን ታሟል? ማን አይቶ ያውቃል?

እግዚአብሔር እኛን ከሩቅ ሲያየን የተበተነ ጥጥ አይደለንም። ጠባሳችንን አንድ በአንድ ያውቀዋል። እንዲህ የሚታይ ሰው እንዴት ሌላውን አያይም?

ከባድ ሥራ አልሰጣችሁም። ዛሬ ቤት ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡ። እናታችሁን፣ እናት የሌላችሁ ያሳደጋችሁን ሰው፣ ቁጭ ብላችሁ እዩ። አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም ድረስ። «ምን ሆናችሁ ነው የምታፈጡብኝ?» ትላችኋለች፣ አትሸሹ። እንጀራው ጋ ስትደርሱ ታፍራላችሁ፣ ዓይናችሁን መንቀል ያምራችኋል።

አትንቀሉት። እስከ አሜን ያዙት። ምናልባት እሷም ስትፈልጋችሁ ታገኟት ይሆናል።