እመቤታችን የሸንበቆዋን አራስ እንዳስተኛች

ምእመናን ሆይ፥ ወላዲተ አምላክ ድንግል ማርያም ለአንዲት ምስኪን አራስ ያደረገችውን እንነግራችኋለንና ልባችሁን ሰብስባችሁ ስሙ፤ ልጅ ያቀፋችሁ ደግሞ ከሁሉ አብልጣችሁ ስሙ። አማላጅነቷ ለሰሚውም ለነጋሪውም ይድረስ፤ አሜን።

ሸንበቆ ማርያም በምትባል ደብር አጠገብ ወለተ ኪዳን የምትባል ሴት ነበረች፥ እርሷም እመቤታችንን ከልጅነቷ ጀምራ አጥብቃ ትወድ ነበርና በየማለዳው አፏ እህል ሳይቀምስ ከምንጭ ውኃ ቀድታ የቁርባኑ ኅብስት ለሚጋገርበት ለቤተ ልሔሙ ታደርስ ነበር፤ እንስራዋንም አውርዳ ከቅጽሩ ሥር ቆማ መልአኩ ለድንግል ያቀረበውን ሰላምታ ሳትደግም ወደ ቤቷ አትመለስም ነበር። ዝናብ ቢሆን፥ ውርጭ ቢሆን፥ ጭቃው እግር ቢይዝ ይህን ስእለቷን አላስታጎለችም። ከወለደች ወዲህ ግን የመንጻቷ ወራት አልተፈጸመምና ከአልጋዋ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ደብሩ መልሳ ሰላምታውን ብቻ ታደርስ ነበር፤ ስለ ውኃውም «እመቤቴ፥ ዘንድሮስ ባዶ እጄን ነኝ» እያለች ታፍር ነበር።

አስቀድሞም የበኩር ልጅ ወልዳ ነበር። ያ ሕፃን አልቅሶ አላባራ ቢል «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ብለው እንደ አገሩ ልማድ እንጥል ቆራጭ አምጥተው አስቆረጡት፥ ከዚያም በኋላ አልሰነበተም።

አሁን ደግሞ በእመቤታችን አማላጅነት ሁለተኛ ወንድ ልጅ ብታገኝ፥ ይህም ሕፃን እንቅልፍ እንቢ አለ። ጥቂት ሸለብ ያደርገውና ብርግግ ብሎ ይነቃል፥ ነቅቶም ይጮኻል፥ ጮኾም ይዝላል፤ በመጨረሻም ጡት ለመሳብ እንኳ አቅም አጣና አንገቱ እንደ ጠወለገ ቅጠል ሆነ። ቢሰጥ የሚባለው ባሏ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ወርዶ ነበርና በቤት ያለችው አማቷ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ብቻ ነበረች። እርሷም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የልጅ ልጇን ከዐይኗ ብሌን አብልጣ ትወደው ነበር፥ ነገር ግን ከእናቷ የሰማችው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበርና «እኔስ ዐይኔ እያየ አይሞትም፤ አያ ደምለውን ዛሬውኑ አመጣለሁ» አለች። አያ ደምለው ከወንዙ ማዶ የሚኖር እንጥል ቆራጭ ነው፥ የመጀመሪያውንም ሕፃን የቆረጠ እርሱ ነበር።

ወለተ ኪዳንም እግሯ ላይ ወድቃ «እማማ፥ የመጀመሪያውን እኮ አይተነዋል! በወለድሽው ይሁንብሽ፥ ተይ!» ብላ ለመነቻት። አማቷ ግን «እና ዝም ብለን ሲያልቅ እንየው? በይ አራስ ነሽ፥ አርፈሽ ተኚ» ብላት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ተኚ ማለትስ እንዴት ቀላል ነው!

ወለተ ኪዳንም ብቻዋን ቀረች፤ ጎረቤቱም ሁሉ አስቆርጡት ባይ ነበርና የምትጠራው ሰው አጥታ ሕፃኑን አቅፋ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች «እመቤቴ ማርያም፥ ምጥ ሲይዘኝ ደርሰሽልኝ ነበር፥ ዛሬስ ወዴት አለሽ? ያ ሰውዬ ይህን ደጃፍ ሳይረግጥ ድረሽልኝ» እያለች አለቀሰች።

ያን ጊዜም ዝናብ ይዘንብ ነበርና ከደጅ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ፤ እስቲ ዝናቡን አስጠልሉኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ብታይ አንዲት መንገደኛ ሴት ናት፥ ልብሷ የድሀ ልብስ ነው፥ ፊቷ ግን ሲያዩት አይጠገብም። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቢ እናቴ» አለቻት፥ እንግዳዪቱም ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያም ሕፃኑን ለቅሶው አድክሞት በእናቱ ክንድ ላይ ሸለብ አደረገው፥ እናቱም ቀስ ብላ አልጋው ላይ አጋደመችው፤ ጥቂትም ሳትቆይ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ወደ አፍንጫው አስጠጋች፥ እጇንም ደረቱ ላይ አሳረፈች፥ ሕፃኑም ብርግግ ብሎ ነቃና ጮኸ።

እንግዳዪቱም «ልጄ፥ ተኝቶልሽ አልነበረም እንዴ? ለምን ቀሰቀስሽው?» አለቻት።

«ኧረ አልቀሰቀስሁትም! መተንፈሱን ልይ ብዬ ነው።»

«ትናንትስ? ከትናንት ወዲያስ?»

ወለተ ኪዳን አፏን በእጇ ያዘች፤ ልጇ በተኛ ቁጥር እንዲሁ ታደርግ ነበርና፥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም። ወዲያውም «የመጀመሪያው ልጄ ከቆረጡት በኋላ ጸጥ አለልኝ። እኔም እሰይ፥ ተኛልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመስግኜ አጠገቡ ጋደም አልሁ። ስነሣ ቀዝቅዞ አገኘሁት። እኔ ሳመሰግን እርሱ ሞቶ ነበር፥ እናቴ! እንግዲህ እንዴት ብዬ ዐይኔን ልክደን?» አለች። ወገኖቼ፥ በዚህች ሴት አትፍረዱባት፤ ፍርሃቷ ከፍቅሯ የመጣ ነውና።

እንግዳዪቱም አብራት አለቀሰች፥ ከዚያም እንዲህ አለቻት፦ «እኔም አንድ ልጅ አለኝ። ገና ጨቅላ ሳለ ሰዎች ሊገድሉት ሰይፍ መዘው ይፈልጉት ነበርና ይዤው በበረሃ ተሰደድሁ፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ይርድ ነበር። እርሱ ግን ጭኔ ላይ ይተኛ ነበር፥ እኔም እንቅልፉን አልነሣሁትም። በይ ስጪኝ፤ አንቺም ተኚ።»

«ከተኛሁ ይሞትብኛል።»

«እኔ እያለሁለት?»

ይህን በሰማች ጊዜ የወለተ ኪዳን ልብ ረጋ፥ ለማንም ሰጥታው የማታውቀውንም ልጅ ሰጠቻት። እንግዳዪቱም ሕፃኑን ቀና አድርጋ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችውና ጀርባውን መታ መታ እያደረገች እሹሩሩ አለችው፤ ሕፃኑም አገሳና የጨበጠውን እጁን ፈታ። እናቱም ይህን እያየች፥ ጥቂት ብቻ ልረፍ እያለች፥ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ከዚያም ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አያ ደምለውን አስከትላ ደረሰች፥ ከውጭም ጆሮዋን ብታቀና የሕፃኑ ጩኸት አልተሰማትም፤ ቤቱም ጭር ብሎ ነበርና «ወየው ልጄን! አለቀ!» ብላ ደረቷን እየደቃች ሮጣ ገባች። እነሆም እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር፥ በሕፃኑም እስትንፋስ የነጠላው ጫፍ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ሌላ ሰው በቤት አልነበረም።

አያ ደምለው ግን በዚያ ዝናብ ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ነውና «ከመጣሁ አይቀር ልጨርሰው፤ ያዢልኝ» ብሎ ስለቱን ከኮሮጆው አወጣና እጁን ወደ ሕፃኑ ዘረጋ። እጁም በአየር ላይ ተይዛ ቀረች፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልል አለች፥ የያዛትም አይታይም ነበር። ከአልጋውም ራስጌ የሴት ድምፅ በቀስታ «እኔ እየጠበቅሁት ነው፤ አትቀስቅሰው» አለው።

ስለቱም ከእጁ ወደቀ፥ እጁም ተለቀቀችለት፥ ሽማግሌውም በግንባሩ ተደፍቶ «ማሪኝ እመቤቴ፤ ያባቴ ሙያ ነው ብዬ እንጂ በክፋት አልነበረም» አለ። ዘርፈሽዋልም የመጀመሪያውን ሕፃን ያስቆረጠች እርሷ ነበረችና፥ የተኙትን እንዳትቀሰቅስ ፈርታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

ወለተ ኪዳንም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነቃች፥ ነቅታም መጀመሪያ የተናገረችው «እንግዳዪቱስ?» የሚል ነበር። ሁለቱም እንግዳ አለማየታቸውን፥ ነገር ግን ድምፅ መስማታቸውን፥ በአያ ደምለውም እጅ የሆነውን በሹክሹክታ ነገሯት፤ ያን ጊዜ ዝናቡን የተጠለለችው ማን እንደ ሆነች ዐወቀች። አያ ደምለውም ስለቱን ይዞ ወጥቶ ወንዙ ውስጥ ጣለው፥ ከዚያም ወዲህ የሕፃን አፍ አልነካም።

ቤቱም ጸጥ አለ፥ ሕፃኑም ጸጥ ብሎ ነበር። ወለተ ኪዳንም ያ የመጀመሪያው ቀን ትዝ አላትና እጇ ሳታዝዛት ወደ ልጇ ደረት ሄደች። ነገር ግን ሳትነካው እጇን መለሰች። በዐይኗ ብቻ እያየችው፥ እንባዋ እየወረደ፥ የመልአኩን ሰላምታ በለሆሳስ ታደርስ ጀመር፤ ስታደርስም ቆየች፥ ሕፃኑም እንቅልፉን ጠግቦ በገዛ ራሱ ነቃና ጡት ፍለጋ አፉን ከፈተ።

ያችን አራስ ያሳረፈች እመቤት፥ ልጅ ታሞባችሁ ዐይናችሁ ያልተከደነ፥ ልጅ ሞቶባችሁ ልባችሁ ያልረጋ፥ ለእናንተ ሁሉ ከልጇ ከወዳጇ ዕረፍትን ትለምንላችሁ። ሕፃኖቻችሁ በሰላም ይተኙ፥ በሰላምም ይንቁ፤ እናንተም ከእነርሱ ጋር። ለዘላለሙ አሜን።