ይሉኝታ የያዛት የባሕር ኮከብ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ በዋሻው ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነበረው። ከየት አመጣው አትበሉኝ፤ ንጉሥ ያሻውን ከየት እንዳመጣ ይጠየቃል እንዴ? ገንዳው ጨዋማ ውሃ ተሞልቶ፣ ከባሕር የመጡ ቀዳዳ የበዛባቸው ድንጋዮች ተደርድረውበት ነበር። በጣሪያው ስንጥቅ የምትገባው ፀሐይ ስታርፍበት ማየት ነው! የገንዳው ጠባቂ እመት አህያ ነበረች።

አንድ ቀን ግመል ከባሕር ዳርቻ አንዲት የባሕር ኮከብ ውሃ በሞላ ቅል ይዞ መጣ። ቀይ ናት። አምስት ክንድ አላት፤ ራስ የሚባል ግን የላትም፤ ፊትና ኋላዋ አይለይም።

«እመት አህያ» አለ ግመል፣ «ይቺን እንግዳ ከቅሉ አውጥተሽ ገንዳው ውስጥ እንዳትወረውሪያት፤ ትሞትብሻለች። ከገንዳው ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ቅሉ ውስጥ ጨምሪላት። መጀመሪያ ሁለቱ ውሃዎች ይተዋወቁ። ስታሻግሪያትም ነፋስ እንዳይነካት።»

አህያ የተባለችውን አደረገች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቅሉ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በመጨረሻ ኮከቧ ገንዳው ውስጥ ገባች፤ ከሆዷ ሥር ባሉት ስፍር ቁጥር በሌላቸው ጥቃቅን እግሮች መስታወቱን ቆንጥጣ ቀስ እያለች መውጣት ጀመረች። ያ ሁሉ እግር ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ግን ከሌላው አይደናቀፍም። አያ አንበሶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አቤት! አቤት!» አለ። «ያለ ራስ እንዲህ ከሆነች፣ ራስ ቢኖራትማ ማን ይችላት ነበር!»

ጥግ ላይ የተጋደመው አያ ጅቦ አፈጠጠ። «ራስ ከሌላት ማን ይመራታል?»

«አንተንስ ራስ እያለህ የሚመራህ ሆድህ አይደል?» አለው አንበሳ።

አያ ጅቦ አልተቀየመም። የእሱ ዓይን ኮከቧ ላይ ሳይሆን የአህያ ዳሌ ላይ ነበር። «ጌታዬ» አለ ምራቁን እየዋጠ፣ «ብትሞትብዎትስ? ጠባቂ ካልተቀጣ ማን ይፈራል?»

አንበሳ ኮከቧን ወዷታልና የሰማው ሁሉ ልክ መሰለው። «ስሚ አህያ! አደይ አበባ እስኪፈነዳ ኮከቤ በሕይወት ከቆየች፣ ዳግመኛ ጀርባሽ ላይ ጭነት አይወጣም። ከሞተች ግን የአያ ጅቦ ነሽ።»

አያ ጅቦ በደስታ እየዘለለ ወደ ቀበሮ ሮጠ። «አሁኑኑ ሄጄ ኮከቧን ዋጥ ባደርጋትስ?»

«ተው አንተ!» አለው ቀበሮ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል አልሰማህም? ኮከቧ የምትበላው ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ዝልግልግ ነው። ድንጋዩ ከታጠበ በረሃብ ታልቃለች። አጣቢዋም ራሷ አህያ ትሆናለች፤ አንተ ብቻ ጉበቱን ለእኔ አስቀምጥልኝ።»

በማግስቱ ቀበሮ አህያን ሊጠይቅ መጣ። ገንዳውን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «እመት አህያ፣ እኔስ ስለምወድሽ ነው። እንግዳ መጥቶ ቤቱ እንዲህ ዝልግልግ ብሎ ይጠብቃል? አገር ምን ይላል?»

አህያ በሐፍረት ጆሮዋ ተንጠለጠለ። ወዲያው ሣር ጠቅልላ ትፈትግ ጀመር፤ ድንጋዮቹ ወተት እስኪመስሉ ድረስ ፈተገቻቸው። አንዱ ትልቅ ድንጋይ ግን ከገንዳው አልወጣ አላት። እንግዳዋ እንዳታየው ብላ እየገፋች የቆሸሸውን ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ደበቀችው። ከዚያ ገብስ አቀረበች።

«በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሺ!»

«ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ኮከቧ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይቺ ግን በሚያውቋት አገርም ቁርበት የምትጠይቅ አልነበረችም። እንዲህ ያለ ጨዋነት ደስ ይላል፤ ሆድ ግን አይሞላም። ቀን በቀን ከሳች፣ መስታወቱን መውጣት ተወች። አህያም «አልጸዳ ብሏት ነው» እያለች ደግማ ትፈትግላታለች!

አንድ ጠዋት ከረሃብ ብዛት አንዱ ክንዷ ተቆርጦ ገንዳው ወለል ላይ ተገኘ።

«ውይ! ውይ! ተበላሁ!» ብላ አናፋች አህያ።

«አይዞሽ፣ የእኛ ዘር ክንዱ መልሶ ይበቅልለታል» አለች ኮከቧ በደከመ ድምፅ።

«በምን ጉልበት ይብቀል? ከስተሽ የለም እንዴ! በእናትሽ ንገሪኝ፣ እህቴ፤ አገርሽ ሳለሽ ምን ነበር የምትበዪው?»

ኮከቧ አራቱን ክንዶቿን ወደ ሆዷ ሰበሰበች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች አህያ እንባዋ እየወረደ። «አንቺ ከሞትሽ እኔም ለጅብ ነኝ። ጨዋነትሽ ሁለታችንንም ሊገድለን ነው!»

አህያም እንደምትሞት ኮከቧ ያን ጊዜ ገና መረዳቷ ነበር። ደነገጠች። «እንግዲያው ልናገር። ስትፈትጊው የዋልሽው ዝልግልግ ምግቤ ነበር። ለእኔ ክብር ያን ያህል ደክመሽ፣ ምግቤን አጠብሽብኝ ማለት አፈርኩ።»

አህያ መጀመሪያ ክው አለች፤ ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። «አንቺ በይሉኝታ፣ እኔ በመስተንግዶ፣ ተያይዘን ልናልቅ ነበር እኮ!» አለች። ወዲያውም የደበቀችው ድንጋይ ትዝ አላት። ገንዳው ውስጥ አንገቷን ከትታ፣ በግንባሯ እየገፋች የቆሸሸውን ፊት ወደ እንግዳዋ አዞረችው። አረንጓዴው ዝልግልግ እንዳለ ነበር። ኮከቧ በአራት ክንዷ እየተሳበች ሄዳ ላዩ ላይ ተዘረጋችና መብላት ጀመረች። በዚያው ቀን አህያ የሣር መፈተጊያዋን ራሷ በላችው፤ ድንጋዮቹም ዳግመኛ አረንጓዴ ለበሱ።

አደይ ሲፈነዳ አያ ጅቦ ጥርሱን አሹሎ ቀበሮን አስከትሎ መጣ። አንበሳም ለፍርድ ተቀመጠ። ኮከቧ ድንጋዩ ላይ ጸጥ ብላ ተኝታለች።

«አትንቀሳቀስም! ሞታለች!» ብሎ ጮኸ ጅብ።

ኮከቧ የአንዱን ክንዷን ጫፍ ቀና አደረገች። ጅብ ተናደደ፤ ግን ወዲያው ሌላ ነገር አየ። «ቢሆንም ክንዷ ጎድሏል! ለጎደለው ክንድ የአህያን አንድ እግር ይስጡኝ! የኋላውን!»

አንበሳ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ቦታ አተኩሮ አየ። ከቁስሉ ላይ ምስር የምታህል ቀይ ክንድ ብቅ ብላለች፤ ከሥሯም ጥቃቅን እግሮቿ ይንቀሳቀሳሉ። ንጉሡ ቀና አለ።

«ተመልከቱ!» አለ። «እኔ አንበሳው ጥርሴ ቢወልቅ አይመለስልኝም። ይቺ ራስ የላትም የምንላት ክንዷን ከራሷ ሥጋ መልሳ ታበቅላለች! ደግሞም የተራበ ሰውነት ክንድ አያበቅልም። እመት አህያ በሚገባ ጠብቃታለች።»

«ሐሰት!» አለ ጅብ፣ ብስጭቱ አፉን አስከፍቶት። «ቀበሮ እኮ ድንጋዩ ከታጠበ በረሃብ ትሞታለች ብሎኝ ነበር! እሱ ራሱ ነው አህያን እጠቢ ያላት! ጉበቱን እንኳ ተካፍለን...»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ። አንበሳ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ።

«አያ ቀበሮ፣ ንጽሕና እንዲህ ትወዳለህ ለካ! በል እንግዲህ የአያ ጅቦን ዋሻ እጠብለት፤ አጥንቱን፣ ግማቱን፣ ሁሉንም። ባለቤቱን ሳይርበው ጨርሰህ ውጣ፤ አለዚያ አንተኑ ይበላሃል።»

የጅብ ሆድ ያኔውኑ ሲጮኽ ተሰማ። ቀበሮም እየሮጠ ሄደ።

እመት አህያ ከጭነት ነፃ ወጣች። ገንዳውን ግን አልተወችም፤ ጠዋት ጠዋት አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አስደግፋ «እንግዳዬ፣ ዛሬስ ምን ጎደለሽ?» ትላለች፤ ኮከቧም ሳታፍር ትነግራታለች።

ከዚህ የምንማረው እንግዳውን ከልቡ የሚያከብር በራሱ ልማድ ከማስተናገዱ በፊት «አገርህ ምን ትበላ ነበር?» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ የተጠየቀም እንግዳ ይሉኝታውን ጥሎ እውነቱን እንደሚናገር ነው።