ጉዳዩ፦ የሊቀመንበሩ ታላቅ መልእክት

የዶሮ አርቢዎች ማኅበር በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ሲከፍት፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ የለጠፉት ሊቀመንበሩ አቶ ዘርጋው ነበሩ። ርዕሱን «ጉዳዩ፦ የሊቀመንበሩ ታላቅ መልእክት» አሉት። ከዚያ ወዲህ ስለ መኖም ሆነ ስለ ክትባት መልስ የሚጽፍ ሁሉ ይህንኑ ርዕስ ከመልሱ በላይ እንዳለ ይተወዋል። ሊቀመንበሩም ማዕረጋቸው ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ሲያዩ ደስታቸው ወሰን የለውም።

አንዲት ምላሷ የሰላ አርቢ ግን አንጀቷ አርሮ ነበር። ጫጩቶቿ በብርድ ሲያልቁባት፣ መላ ፍለጋ ያንን ሁሉ «ታላቅ መልእክት» አንድ በአንድ ስትከፍት ነው ያነጋችው። በመጨረሻ መላውን ራሷ አገኘችና መልሷን ጻፈች፤ ርዕሱንም ቀየረችው፦ «ጫጩቶቼን ከብርድ ያዳንኩበት ዘዴ»።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አቶ ዘርጋው ጠረጴዛውን ደበደቡ።

«የእኔን ማዕረግ አውርደሽ ጫጩት የሰቀልሽው ማን ፈቅዶልሽ ነው? አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቂ፤ አለዚያ ከማኅበሩ ትባረሪያለሽ!»

ከማኅበሩ የተባረረ ደግሞ መኖ ከየትም አያገኝም። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተነሣች።

«እጠይቃለሁ ጌታዬ። ለመሆኑ የጻፍኩትን አንብበውታል?»

«እንዴታ! ከሦስት መቶ መልስ አንዱንም ከፍቼ አላውቅም፤ ያንቺን ግን ገና ርዕሱን ሳይ ነው የከፈትኩት!»

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ተሰብሳቢው አዞረች።

«ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይህን ርዕስ የመቀየር ዘዴ ቀደም ብዬ አሳይቻችሁ ቢሆን ኖሮ የእናንተንም ያነቡላችሁ ነበር።»