ይህን ስንዴ አትቀበሉኝ

«አንድ ሹፌር ነበረ» ብለው ጀመሩ መምሬ ይትባረክ። የመንደሩ አስተማሪ ትርንጎ ፊታቸው ተቀምጣለች። የምታስተምርበት ክፍል ግድግዳ ተሰንጥቆ ወደ ተማሪዎቹ አዘንብሏል፤ ርዕሰ መምህሩ ግን ለማንም ትንፍሽ ብትል ከሥራዋ እንደሚያባርራት ነግሯታል። «አባቴ፣ ፍርሃቴ እስኪለቀኝ ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው።

ሹፌሩ ባለተሳቢ መኪና እየነዳ አገር ላገር ጭነት የሚያመላልስ ሰው ነበረ። መንገዱን አይፈራም። ገደሉንም ጭጋጉንም ለምዶታል። የሚፈራው ጭነት የሚደለድለውን የስምሪት ሹም ነበር። ሹፌሮቹ በየማለዳው ግቢው ውስጥ ተሰብስበው የሹሙ መስኮት እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ሹሙ የወደደውን ወደ አስፋልቱ፣ ያኮረፈበትን ወደ ኮረኮንቹ ይልከዋል፤ ለምን የሚል የለም። ይህ ሹፌር አንድ ጊዜ ብቻ «ጌታዬ፣ ተራው የእኔ አልነበረም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሹሙ አልተቆጣም። መስኮቱን ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ ጎማው ሥር ሣር እስኪበቅል ድረስ መኪናው ቆመ። ሹፌሩ ማልዶ እየሄደ፣ ስሙ ሳይጠራ ይመለሳል። ሚስቱ ፊቱን አይታ ምንም ሳትጠይቀው ምሳውን ታቀርብለታለች። በመጨረሻ ሲጠራ ምን እንደሚጭን እንኳ ሳይጠይቅ «እሺ» አለ። ያ ቃል ከዚያ በኋላ ከአፉ አልተለየም።

አንድ ጊዜ የፀረ ተባይ መርዝ በበርሜል ጭኖ ሄደ። ሲያራግፍ አንዳንዱ በርሜል ተሰንጥቆ መርዙ ወለሉ ላይ ፈስሶ አገኘው። መኪናውን በውኃ አጠበ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። በተመለሰ ማግሥት ሹሙ ድርቅ ወደ ጎዳው አገር ስንዴ እንዲጭን አዘዘው።

«ጌታዬ፣ ወለሉን መርዝ ነክቶታል» አለ ሹፌሩ ድምፁ እየሰለለ።

«ሸራ አንጥፍበት።»

«ሽታው እኮ…»

«ካልፈለግህ የሚፈልግ ሞልቷል» አለ ሹሙ፤ እጁም ወደ መስኮቱ መዝጊያ ሄደ።

ሹፌሩ ያን እጅ አየ። «እሺ» አለ።

ሸራው ተነጠፈ፤ ስንዴው ተጫነ፤ ጉዞ ጀመረ። በመንገድ ዳር ከተማ ምሳ ሊበላ ሲያቆም፣ ከታች ከነበረ የተቀደደ ጆንያ ስንዴ ሲንጠባጠብ የምግብ ቤቱ ባለቤት ዶሮዎች ተሻምተው ለቀሙት። ሹፌሩ በልቶ ሳይጨርስ አንዷ ዶሮ ክንፏን እያርገበገበች ተሽከረከረችና ወደቀች። ሌላዋም ተከተለቻት።

«ወይኔ፣ ፈንግል ገባብኝ» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና።

ሹፌሩ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰ። ፈንግል እንዳልሆነ ያውቃል። የፈሰሰውን በእግሩ አፈር አለበሰው፤ ለሴትዮዋ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጋቢናው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሣ።

ቀሪውን መንገድ ለራሱ ምክንያት ሲያበጅለት ሄደ። የተበላሹት ከታች ያሉት ብቻ ይሆናሉ። ደግሞም አጥበው ይፈጩታል። እኔ ሹፌር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። እንዲህ ይበል እንጂ የመዳፉ ላብ መሪውን አረጠበው። ልመለስ ብሎም አሰበ፤ ነገር ግን እሱ ቢመለስ ሹሙ ያንኑ ስንዴ በሌላ መኪና ይልከዋል። የቀረው መናገር ነበር። መናገር ደግሞ ከገደሉ ሁሉ ባሰበት።

ሲደርስ ሕዝቡ ከየጥላው ተነሣ። ሴቶች እልል አሉ። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ «እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ፤ ዓይናችን መንገድ ላይ ነበር» አለችው። ወዛደሮቹ ገመዱን መፍታት ጀመሩ። ሹፌሩ ወረደ፤ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ።

«ይህን ስንዴ አትቀበሉኝ» አለ።

በእልልታው መካከል የሰማው የለም። ደግሞ ተናገረ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች ኃላፊዋ።

«መርዝ ነክቶታል። እያወቅሁ ነው የጫንሁት። መንገድ ላይ የለቀሙት ዶሮዎች ሞተዋል።»

እልልታው ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡትና «ልጄ፣ ታዲያ ዛሬ ምን እንብላ?» አሉት።

ከኋላ ድንጋይ ያነሡ ጎረምሶች መጡ። የመጋዘኑ ኃላፊ ከፊቱ ቆማ ከለከለቻቸው፤ ጋቢናው ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበትና ሌላ እህል እንዲላክ ልትደውል ሮጠች። እሱ በመስተዋቱ ውስጥ ያን ሁሉ የተራበ ፊት እያየ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

ሌላ እህል እስኪመጣ ሕዝቡ ቅጠል ቀቅሎ ሰነበተ። ያመሰገነው አልነበረም። ሹሙም መኪናውን ለሌላ ሰው ሰጠበት። በመርዙ ግን አንድም ሰው አልሞተም።

መምሬ ይትባረክ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ፍርሃቱ ለቅቆት አልተናገረም። በዕድሜው ሁሉ እንደዚያች ሰዓት ፈርቶ አያውቅም። ሹሙ ፊት ሲቆም የሚፈራው ለራሱ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ለእነዚያ ሰዎች ፈራ። አፉን የከፈተው ይኸኛው ፍርሃት ነው። አንቺም ርዕሰ መምህሩን በመፍራትሽ የሚኰንንሽ የለም። ግድግዳው ግን ፍርሃትሽ እስኪለቅሽ ቆሞ አይጠብቅሽም። የሹፌሩ ጭነት ስንዴ ነበር፤ ያንቺ ጭነት ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ፊደል እየቆጠረ ነው። እየተንቀጠቀጥሽም ቢሆን ለወላጆቻቸው ተናገሪ።»

ትርንጎ ነጠላዋን ጨምድዳ ያዘች። «መቼ ልናገር አባቴ?» አለች።

«ልጆቹ ነገ ክፍል የሚገቡት መቼ ነው?»

«በማለዳ።»

«እንግዲያው ከዚያ በፊት ነው» አሉ መምሬ።