የእንድሪስ አሥር ክፍሎች

ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጀርባ ባለው ሰፈር ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ሽማግሌ ካማከረ አንዲት አባባል ሳይሰማ አይመለስም። የሰፈሩ ልጆች እንኳ በጨዋታ ይሏታል። መነሻዋን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ያወጣትም ፈላስፋ አይደለም፤ የአይሱዙ ሾፌሩ የእንድሪስ ያሲን ድንጋጤ ነው።

እንድሪስ ሃያ ስድስት ዓመት እህል ሲያመላልስ ኖሮ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው መኪናውን ሸጠ። አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር እጁ ገባ። «እስከ ዛሬ መኪና እየነዳሁ ቤቴን ጦርኩ፤ ከእንግዲህ ደግሞ ቤት ገዝቼ ኪራዩ ይጡረኝ» አለ።

ደላላው አበጀ በዚያው ዋጋ ሁለት ነገር አሳየው። አንደኛው ገበያው ዳር ያለ፣ በብሎኬት የተሠራ ባለ ሁለት በር ሱቅ፤ በወር ዘጠኝ ሺህ የሚከራይ። ሁለተኛው ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ያለ ሰፊ ግቢ፤ አሥር የጭቃ ክፍሎች፣ በእያንዳንዱ ወዝ አደር፣ እያንዳንዱ አንድ ሺህ አምስት መቶ የሚከፍል። ወሩ ጥር ነበር። ግቢው በኖራ ተለስኖ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ ከሁሉም በር ፊት ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ አንድም ባዶ ክፍል የለም።

«አሥራ አምስት ሺህ በወር!» አለ እንድሪስ ማታ እራት ላይ። «በአሥር ዓመት ዋጋውን ይመልሳል። ሱቁ ግን ገና ሲድህ ይኖራል።»

ሚስቱ ሰዓዳ ቶሎ የምትደነቅ ሴት አልነበረችም። «የሰሚራ አባት፣ አሥራ ሁለቱን ወር ሙሉ ይከራያል ያለህ ማነው? ጭቃ ቤት በየዓመቱ ምርጊት ይፈልጋል። የአሥር ቤት ሰው ሽንት ቤት ሲሞላ የሚያስመጥጠው ማነው? ደግሞ እንዲህ የሚታለብ ላም ከሆነ ባለቤቱ ለምን ይሸጠዋል?»

«ልጁ ጋ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው አሉ።»

«አሉ ነው እንግዲህ። እስቲ ጎረቤት ጠይቅ።»

«አብሽሪ፣ ስንት መኪና የገዛሁ ሰው ነኝ!»

ሊዋዋል የሄደ ዕለት የግቢውን ጎረቤት፣ ሽማግሌውን ሸህ ኑሩን፣ ከደጃፋቸው ተቀምጠው አገኛቸው። ሰላም ብሎ አለፈ። ፈረመ፤ ከፈለ።

እስከ ሰኔ ድረስ የእንድሪስን ደስታ ያየ ሰው ይቀናበት ነበር። ኪራዩ በየወሩ አንድም ሳይጎድል ይገባል። ሰዓዳንም «ምን አልኩሽ?» ማለቱን አላቆመም።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ግቢው ብቅ አለ። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ተከራዮቹ ፍራሽ በራሳቸው ተሸክመው ተሰልፈው ይወጣሉ። የሚጮህ የለም፣ የሚያለቅስ የለም። የሚስቁም አሉ።

«ምን መጣ? ሰው ሞተ?»

«ክረምት ገባ እኮ፣ ጋሽ እንድሪስ» አለችው መዲና የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ ድስትና ምድጃዋን አቅፋ። «በየዓመቱ እንወጣለን፤ ለመስከረም እንመለሳለን። አልነገሩዎትም እንዴ?»

«በየዓመቱ?» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው።

«ወላሂ በየዓመቱ። እጄ ሞልቶብኛል፣ እባክዎ ልጄን ከአልጋው ላይ ያቀብሉኝ።»

ገባ። ውሃው ከጣሪያ አይወርድም፣ በበር አይገባም፤ ከወለሉ እየፈላ ይወጣል። የሕፃን ጫማ በአልጋው ዙሪያ ይንሳፈፋል። እንድሪስ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ የስድስት ወሩን ልጅ ከነብርድ ልብሱ አነሳና ተመልሶ ደፉን ተሻገረ። ያን ጊዜ ከኋላው ዱብ! የሚል ድምፅ መጣ፤ ምድሩ ነዘረ። ዞሮ ሲያይ የጓሮው ግድግዳ የለም። አልጋውም የለም። ልጁ ተኝቶበት የነበረው ቦታ የእርጥብ ጭቃ ክምር ሆኗል።

መዲና ያቀፈችውን ሁሉ ለቀቀችው። «ልጄን! ልጄን ስጡኝ!» ትላለች፤ ልጁ ከፊቷ ነው፤ እንድሪስ ግን ክንዱ ደርቆ ሊፈታላት አልቻለም። ሁለት ሰዎች ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀው ልጁን ሰጧት።

እንድሪስ ወደ ሸህ ኑሩ ደጃፍ ሄዶ ቁጢጥ አለ። የእሳቸው ቤት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ነው።

«ሸሁ፣ ያውቁ ነበር?»

«ምንጭ እኮ ነው፣ ልጄ። በልጅነታችን ከብት እናጠጣበት ነበር።»

«ያረቢ! ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ሰላም ብለኸኝ አለፍክ እንጂ መቼ ጠየቅከኝ? ሳልጠየቅ ብናገር ደግሞ የሰው ገበያ አፍራሽ እባላለሁ።» የፈረሰውን ግድግዳ አሻግረው አዩና፣ «ዛሬ ግን ያ ልጅ ቢሞት ኖሮ እኔም እጠየቅበት ነበር» አሉ።

እንድሪስ ለአንድ ሳምንት ያህል እህል አልቀመሰም። ሰዓዳ «ብዬህ ነበር» አላለችውም፤ እሱ ደግሞ ይህ ከስድብ የባሰ ሆነበት።

ጥቅምት ላይ ግድግዳው ተመረገ፣ ኖራ ተቀባ፣ ክፍሎቹ እንደገና ሞሉ። ኅዳር ሲገባ አበጀ ገዢ ይዞ መጣ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ሴትዮዋ በየበሩ እየቆሙ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ፊታቸው ፈክቷል። ደላላው እንድሪስን ጆሮው ሥር፣ «ሁለት ሚሊዮን ይሰጣሉ። አንተ አፍህን ብቻ ያዝ» አለው።

ሁለት ሚሊዮን! መኪናው ይመለሳል፣ ወይም ሱቁ ይገዛል። እንድሪስ አፉን ያዘ። ሴትዮዋ ግን የመዲና ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ወደ ውስጥ አየት አድርገው፣ «አልጋ የሚበቃው ጥሩ ክፍል ነው» አሉ።

«እሜቴ፣ አይግዙት!» አለ እንድሪስ፣ ራሱን የሚያስደነግጥ ድምፅ አውጥቶ። «ሐምሌ ላይ ከወለሉ ውሃ ይፈልቃል። ይህ ግድግዳ ሕፃን ሊገድል ነበር፤ በእነዚህ እጆቼ ነው ያወጣሁት!»

አበጀ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ወይዘሮ አስካለ ቀለማቸው ጠፋ፤ አንዴ ደላላውን፣ አንዴ የሚያበራውን ግድግዳ አዩ። ባለቤት የገዛ ንብረቱን ሲያረክስ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። እንድሪስም ያን ቀን ሁለት ሚሊዮኑን አጣ፤ በዓመቱ ግን ታችኞቹን ስድስት ክፍሎች አፍርሶ ምንጩን በቦይ አስወጣ፣ ለቀሩት አራት የድንጋይ መሠረት አስገብቶ ክረምት ከበጋ ማከራየት ጀመረ።

ሴትዮዋ ግን ያኔ ማንን ማመን እንዳለባቸው ግራ ቢገባቸው፣ ከአጥሩ ወዲያ ወደሚያዩዋቸው ሸህ ኑሩ ዞረው፣ «አባባ፣ እውነቱን ነው? ይህን የመሰለ ቤት?» ሲሉ ጠየቁ፤ ሽማግሌውም ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «የእኔ ልጅ፣ በበጋ የገዙት ቤት በክረምት ይናገራል» አሏቸው።