ከኋላ የሚመጣው መቼ ያርፋል?

አንድ ሰው ባለፈው ኅዳር፣ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከፊት መንዳቱን ትቶ ከኋላ ነዳ።

ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ለእርሱ ግን ትንሽ አልነበረም። ሰውየው የሐዋሳ ነዋሪ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተር ሳይክላቸውን አስነሥተው አብረውት ከከተማ የሚወጡ ወዳጆች አሉት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊት ፊት እየሄደ መንገዱን የመራቸው እርሱ ነው። በስሙ መጥራት ከተዉ ቆይተዋል፤ «አለቃ» ይሉታል።

ታዲያ አለቃን ከኋላ ያስቀረው ምንድን ነው? የገዛ ሞተሩ ነው። ፒስተኑ አርጅቶ ተቀየረ፤ መካኒኩም ቁልፉን ሲያስረክበው፣ «እንግዲህ ሮዳጅ ነው፤ አዲሱ ብረት እስኪለማመድ ከስልሳ እንዳታልፍ» ብሎ አስጠነቀቀው።

ሰውየው አንድ የሚኮራበት ነገር ነበረው። በየጉዞው አስቀድሞ የተወሰነ መቆሚያ አለ። ቀድሞ የደረሰ ሁሉ እዚያ ቆሞ የመጨረሻው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ያለ እርሱም ማንም አይንቀሳቀስም። ይህን ሥርዓት ያወጣው እርሱ ነበር። «እኔ መንገድ ላይ ጥዬው የሄድሁት ሰው የለም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ አንድም ሰው ጥሎ አያውቅም።

የዚያን ቀን ጉዞው ወደ ዲላ ነበር። ከኋላ አብራው የቀረችው አስካለ ናት። አስካለ የዮናስ ባለቤት ነበረች። ዮናስ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ባለፈው ዓመት በሕመም ሞተ። ሞተሩን ለወንድሙ ስጪው ሲሏት አልሰጠችም፤ ራሷ መንዳት ተማረችበት። ሞተሩ ለክንዷ ይከብዳታል፤ ስለዚህም ሁልጊዜ መጨረሻ ትደርሳለች።

ፍሬው የሚባለው ቀልደኛ አጠገባቸው መጥቶ ጋዝ ሰጠና፣ «አለቃ፣ ምሳችንን በልተን ስንመለስ መንገድ ላይ እናገኝሃለን!» ብሎ ተፈተለከ።

«ሂድ ወዲያ! የአንተም ፒስተን ተራው ይደርሳል!» ሲል ሰውየው ጮኸበት። አስካለ ከሄልሜቷ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ታየ።

የመጀመሪያው መቆሚያ ደረሱ። ቀድመው የደረሱት አናናስ ቆርጠው በልተዋል፤ ልጣጩ እግራቸው ሥር ወድቋል። አንዳንዱ ጃኬቱን አውልቆ ጀርባውን አናፍሷል። ሁለቱ ገና ከሩቅ ሲታዩ ፍሬው ብድግ አለ።

«መጡ! መጡ! በሉ እንሂድ!»

ጓንት ተጠለቀ፤ ሞተር ተነሣ፤ ሄዱ። ሰውየው የሄልሜቱን ማሰሪያ ለመፍታት አገጩ ላይ የዘረጋትን እጁን መልሶ መሪው ላይ አኖረ። አስካለን ዞር ብሎ አያት። እርሷ ማሰሪያዋን ለመንካት እንኳ አልሞከረችም። ልማዱን ታውቀዋለች።

በሁለተኛው መቆሚያም እንዲሁ ሆነ። መጡ፤ እንሂድ።

ከዚያ በኋላ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ የአስካለ ሞተር ከአስፋልቱ ጠርዝ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። እንደ ምንም አቅንታ አቆመችው። ሰውየውም አጠገቧ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሬኑን መያዝ አቃተኝ። አሁን ይተወኛል።» ቀጥላም፣ «ለማንኛውም የዛሬው መጨረሻዬ ነው» አለች።

«የምን መጨረሻ?»

«ሞተሩን ለወንድሙ እሰጠዋለሁ። ዮናስ የሚወደውን መንገድ እኔም አየዋለሁ ብዬ ነበር። አልቻልሁም፤ ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም።»

«አስካለ፣ እንደዚህ አትበዪ። እንጠብቅሽ የለም እንዴ?»

«ትጠብቁኛላችሁ እንጂ! ማን ካደ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ግን ከሐዋሳ ከወጣን ወዲህ እኔ ከሞተር ስወርድ አይተኸኛል?»

ሰውየው ራሱም ከሐዋሳ ወዲህ ከሞተር አልወረደም ነበር። የገዛ ወገቡ ያመዋል፤ አፉ ደርቋል። እርሱ ለግማሽ ቀን ያየውን እርሷ ዓመቱን ሙሉ አይታዋለች። እርሱ ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አናናስ እየበላ ሲጠብቃት፣ ደግ ሰው መሆኑን እያሰበ ነበር።

«ሞተርሽን አጥፊው» አላት። አጠፋች። ወርደው ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጣት፤ ጓንቷን አውልቃ ጣቶቿን አሸች።

ስልኩ ጮኸ። ከሚቀጥለው መቆሚያ ፍሬው ነው።

«አለቃ፣ የት ቀራችሁ? ወድቃችሁ እንዳይሆን!»

«አልወደቅንም። ተቀምጠናል። ስማኝ ፍሬው፤ እዚያ ስንደርስ ሞተር እንዳታስነሡ። ዕረፍቱ የሚጀምረው እኛ ከደረስን በኋላ ነው።»

«እኛ እኮ አርፈን ጨርሰናል!»

«አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት እኔም እዚያው ነበርሁ።»

ሲደርሱ ሞተሮቹ ሁሉ ጠፍተው ቆመዋል። ፍሬው ለአስካለ ድንጋይ ላይ ጃኬቱን አነጠፈላት። «የአንቺን የአናናስ ድርሻ እኔ በልቼዋለሁ፤ ሌላ እስኪቆርጡልሽ ቁጭ በይ» አላት። እርሷም ቁጭ አለች። ወሬ ተጀመረ፤ ዮናስ አንድ ጊዜ በዝናብ ጭቃ ውስጥ ሞተሩን ተሸክሞ ልሻገር ማለቱ ተነሣ፤ አስካለ ያን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር። እየሳቀች አለቀሰች። በስተመጨረሻ ከሁሉ ቀድማ የተነሣችው እርሷ ናት።

«እናንተ ሰዎች፣ እዚሁ ልታድሩ ነው እንዴ? ተነሡ እንጂ!»

ዲላ ደርሳ ተመለሰች። በሳምንቱ የዮናስ ወንድም ስለ ሞተሩ ሲደውልላት፣ «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እፈልገዋለሁ» አለችው።

ወገኖቼ፣ ያ ሰው ክፉ ነበርን? አልነበረም። ቸኩሎ ጥሏት ሄደን? አልሄደም፤ ጠብቋታል። ነገር ግን እርሱ እየጠበቀ ዐረፈ፤ እርሷም በደረሰች ጊዜ የእርሱ ዕረፍት አልቆ ነበር። መጠበቅና ማሳረፍ አንድ አይደሉም።

እናንተስ ማንን እየጠበቃችሁ ነው? በቤታችሁ ውስጥ ሁሉም በልቶ ሲነሣ ገና ወደ ማዕዱ የምትቀርብ ማን ናት? ከእናንተ ጋር መጓዝ የጀመረ፣ እምነቱ ገና ለጋ የሆነ፣ በደረሰ ቁጥር «በል እንሂድ» የምትሉት ማን ነው? «እንጠብቀዋለን እኮ!» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ትጠብቁታላችሁ። እግሩ መሬት ሲነካ ግን አይታችሁታልን?

ሐዘን የደረሰበትን ሰው አስቡ። ድንኳን ይተከላል፤ እንሄዳለን፤ እንቀመጣለን። ይህ መልካም ነው፤ ማንም አይተወው። በእነዚያ ቀናት ግን ሐዘንተኛው ገና አልደረሰም። ሰው ይቀበላል፤ ሰው ይሸኛል፤ የሆነውን ነገር ለመጣው ሁሉ ይተርካል። እኛ ከንፈራችንን መጠን፣ እንባችንን አፍስሰን፣ ልባችን ቀለል ብሎት ድንኳኑን እናፈርሳለን። ያን ጊዜ እርሱ ይደርሳል። ባዶውን ወንበር ያየዋል። እኛስ ምን እንለዋለን? «በል እንግዲህ ተጽናና፤ ሕይወት ይቀጥላል።» መጣ፤ እንሂድ!

እናንተን የጠራ ጌታ ከሩቅ ቆሞ ሊጠብቃችሁ ብቻ አልጠራችሁም፤ ሊያሳርፋችሁ ጠራችሁ። እናንተ በደከማችሁበት ሥፍራ ሞተሩን አጥፍቶ አጠገባችሁ የተቀመጠ እርሱ ነው። ታዲያ ከእርሱ የተቀበላችሁትን ከኋላችሁ ለሚመጣው ለመስጠት ምን ያህል ይከብዳችኋል? ተነሥታችሁ ከሆነ ተቀመጡ። ጓንታችሁን አጥልቃችሁ ከሆነ አውልቁ። ከኋላችሁ የመጣው ራሱ «እንሂድ» እስኪል ድረስ እናንተ አትበሉ። ይላልና፤ ያረፈ ሰው መንገድ ይናፍቃል።

ከዛሬ ጀምሮ የጉባኤያችን ጎብኚዎች ድንኳኑ በፈረሰ ማግሥት ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ።