በማር የታሸው አስፕሪንና የሸማኔው እግር

«አንሡ! ነጠላችሁን ከደሙ ላይ አንሡ! ይህ ደም ከሰማይ አልወረደም፣ ባለቤት አለው!» ብዬ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ጮኽሁና ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ፤ አንዲት እናትም «ምን ያለው ደፋር ነው! ያ በር ላይ ያለው ጫማ ሰፊ አይደለም እንዴ?» አሉ። አዎን፣ ጫማ ሰፊው ነኝ። አሁን የገባችሁ ምእመናን ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡና ስሙ፣ ጩኸቱ ከምን እንደ ተነሣ እነግራችኋለሁና፤ ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁ ነኝና ቃሉ በጎደለብኝ ስፍራ ሊቃውንቱ ይሙሉልኝ፣ በሰማነው ሁላችን ላይ ግን የወላዲተ አምላክ ጥላ ይዘርጋ፤ አሜን።

ቀኑ ኅዳር ሃያ አንድ፣ በዓሏ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ቀትር ሲሆን ከምዕራቡ በር ጀምሮ እስከ ሥዕሏ ድረስ በሲሚንቶው ወለል ላይ በደም የታተመ የእግር ዱካ ታየ፤ የአንድ እግር ብቻ፣ የግራ። ከዚያም ያ ባሕታዊ ነኝ ባይ (ስሙን በዚህ ጽሕፈት አላስገባም፣ አይገባውምና) እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «በስደቷ ጊዜ እሾህ የወጋው እግሯ ነው! ዛሬ ለእናንተ ታየ!» ብሎ ጮኸና ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷ ነጠላዋን ጣለችበት፣ ሌላዋ የልጇን ግንባር ነካችበት፣ እርሱም ጥጥ ከከረጢቱ አውጥቶ ደሙን እየነከረ ማደል ጀመረ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ተገንጥሎ ወደ ጎን የሸሸ፣ ዱላ ለመጨበጥ የተዘረጋ የሚመስል እግር ነው። ያን እግር አላውቀውምን? ስድስት ዓመት ሙሉ ጫማውን የጠገንኩት እኔ አይደለሁምን?

የጋሽ አይዛ እግር ነው። ጋሽ አይዛ ከጋሞ ደጋ በወጣትነታቸው መጥተው በሽሮ ሜዳ አርባ ዓመት በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው ሸማ የሠሩ ሰው ናቸው፤ የእመቤታችንም ፍቅር በልባቸው ያደረ ነው። ፊደል አልቆጠሩምና ውዳሴዋን ከመጽሐፍ አያነቡም፤ ነገር ግን ሸማኔ በእጁ መወርወሪያውን ሲወረውር ጉድጓዱ ውስጥ በእግሩ ጣቶች የመርገጫውን ገመድ ይይዛልና፣ እርሳቸው ቀኙን በረገጡ ቁጥር «እመቤቴ»፣ ግራውን በረገጡ ቁጥር «አደራሽን» ይላሉ፤ እንዲህ እያሉ ከጧት እስከ ማታ ይውላሉና በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚጠሯት የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ስእለታቸውም በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን ለሥዕሏ መጋረጃ ሠርተው ማግባት ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት አንድም አላጓደሉም።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን እግራቸውን ያቃጥላቸው ጀመር። «ሚጥሚጣ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል፤ አንሶላው እንኳ ሲነካኝ እሳት ነው» ይሉኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳር ነው፣ የእግርዎን ነርቭ ነክቶታል ተባሉና ክኒን ተሰጣቸው፣ ከዚያም ሲስተር እታፈራሁ የምትባል ነርስ «እግርዎን በየቀኑ ይዩ፣ ባዶ እግርዎን አይሂዱ» ብላ አስጠነቀቀቻቸው። እርሳቸውም የስኳሩን ክኒን በሰዓቱ ይውጡ ነበር፤ ቃጠሎው ሲብስባቸው ግን አንድ ጎረቤት እንደ ነገራቸው ከሱቅ አስፕሪን እየገዙ ይጨምሩበት ነበር፣ «ትንሽ ጋብ ያደርግልኛል» እያሉ፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ሁለቴ ገዝቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ምን አውቄ!

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው ያ ሰው የመጣው። ቢጫ ለብሶ፣ ሰንሰለት በወገቡ ታጥቆ፣ ከየትኛው ገዳም እንደ ወጣ ቢጠየቅ «ከበረሃ» እያለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀመጠና በትንንሽ ብልቃጥ በማር የታሸ ነጭ ነገር ማደል ያዘ፤ «እመቤታችን ተገልጣ የሰጠችኝ ነው፣ ግማሹን ተቀቡት፣ ግማሹን ላሱት» ይላል። ለስኳር በሽተኛ ማር! ደግሞስ ይህ ብቻ ቢሆን! ጋሽ አይዛ ስለ ክኒናቸው ሲነግሩት ፊቱን አዙሮ «ክኒንና እምነት በአንድ ሆድ አያድሩም፤ ወይ እርሷን ያዝ፣ ወይ ሐኪምህን» አላቸው። እኒህን አንድ ቀን ስሟን ሳይጠሩ ያልዋሉትን ሰው! እርሳቸውም አፈሩና የስኳር ክኒናቸውን እፊቱ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት።

በወሩ ጋሽ አይዛ እየሳቁ መጡ። «ልጄ፣ ቃጠሎው ለቀቀኝ! እግሬ እንደ ጥጥ ሆነልኝ!» አሉኝ፤ እኔም ሞኙ «እልል በሉ ጋሼ!» አልኩ። እግር እንደ ጥጥ ሲሆን እልል እንደማይባልበት ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ወደ ተነሣንበት እንመለስና፣ ያን ጮኼ የሚሰማኝ ባጣ እኔ ዱካውን ወደ ኋላ ተከተልሁት፤ ከሥዕሏ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ደጀ ሰላሙ፣ ከዚያም የት ደረሰ ብትሉኝ፣ ከእኔው የጫማ መሥሪያ ሳጥን አጠገብ ደረሰ፣ ጋሽ አይዛ ሁልጊዜ ጫማቸውን አውልቀው ከሚያስቀምጡበት ስፍራ፤ ጫማው ግን የለም፣ ተጫምተው ሄደዋል። ሰው እግሩ ይህን ያህል እየደማ እንዴት ገብቶ ይሳለማል፣ እንዴትስ ተጫምቶ ይሄዳል? ሕዝቡ እዚያ የደሙን ጥጥ ይሻማል፣ የደሙ ባለቤት የት እንዳለ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም። ቁልቁል ሮጥሁ።

በራቸውን ገፍቼ ብገባ ጋሽ አይዛ በበዓል ቀን ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠዋል። እየሠሩ አልነበረም፤ በዚህ ዓመት እጃቸው ደክሞ መጋረጃው አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ስለ ነበር፣ ባዶ እጃቸውን ወደ እርሷ ከሄዱ በኋላ እዚያ ተቀምጠው ይቅርታ ይለምኗት ነበር፣ እግራቸውም በልማድ ባዶውን መርገጫ ይረግጥ ነበር። ፊታቸው ነጭ ሆኗል። እኔ አፌን ሳልከፍት፦

«አንተ ነህ የጠራኸኝ?» አሉኝ።

«ኧረ አልጠራሁም ጋሼ፣ ምን ብዬ?»

«አይ፣ የሴት ድምፅ ነው። ‹ወልደ ሰንበት፣ እግርህን እይ› አለችኝ። ግራውን ረግጬ አደራሽን ስል፣ እንደ መርፌ አንዴ ብቻ ወጋኝ፤ በወር ውስጥ እግሬ ሲሰማኝ የመጀመሪያው ነው። ደግሞም ተወኝ።»

ምእመናን ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ ቤት ሴት የለችም፣ ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል፤ ወልደ ሰንበት የክርስትና ስማቸው መሆኑንም ከሟቿና ከንስሐ አባታቸው ከአባ ክንፈ በቀር በሠፈሩ የሚያውቅ አልነበረም፣ እኔም ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ የግራ ጫማቸውን ብስበው ደሙ ተንቆረቆረ፤ ከተረከዛቸውም አንዲት ምስማር እስከ ራሷ ጠልቃ አየሁ። የጫማ ምስማር። እንደ እርሷ ያለ በሳጥኔ ውስጥ ሙሉ ቆርቆሮ አለኝ፤ በዋዜማው ቆርቆሮው ተገልብጦብኝ ለቅሜ ነበር፣ ለካ ሁሉንም አልለቀምሁም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ነገር ግን ምንም አልተናገርሁም፣ ፈሪ ነኝና፤ አዝያቸው ሮጥሁ።

ሲስተር እታፈራሁ ምስማሩን ነቀለች፣ ቁስሉን አጠበች፣ ደሙ ግን አልቆም ብሎ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲያረጥብ ተገረመችና «ጋሼ፣ ምን እየወሰዱ ነው?» አለቻቸው። እርሳቸውም አፍረው ብልቃጡን ከጉያቸው አወጡ። እርሷ አሸተተች፣ እኔም ተቀበልኋትና በጣቴ ጫፍ ቀመስሁ። ከማሩ ሥር ኮምጠጥ፣ መረር ያለ ነገር ምላሴን ጨበጠው። ይህን ጣዕም ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ! ጥርሴን ባመመኝ ቁጥር ድዴ ላይ የምጥለው ነው!

«አስፕሪን ነው!» አልሁ። «እመቤታችን ሰጠችኝ ያለው ከሱቅ የሚገዛ አስፕሪን ነው!»

ሲስተርም ተቆጣች፤ ቁጣዋ በእርሳቸው ላይ አልነበረም። «ይስሙኝ ጋሼ» አለች፣ «አስፕሪን ለዚህ ዓይነቱ የነርቭ ቃጠሎ ይህን ያህል አይረዳም፣ ሲበዛ ደግሞ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ጨጓራም ያደማል። ቃጠሎው የለቀቀዎት ስለዳኑ አይደለም፤ የስኳሩን መድኃኒት ጥለው ማር ሲልሱ ነርቩ ደንዝዞ ነው። ምስማሩ እዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ቢያድር ኖሮ እግሩን ከዚህ ነበር የምንቆርጠው» ብላ ከቁርጭምጭሚት በላይ በጣቷ አሳየች። ጋሽ አይዛም እግራቸውን አዩና «ያለ እግር በምን እጠራታለሁ?» ብለው አለቀሱ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ብልቃጡን ጨብጬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለስሁ፤ ያ ሰውም ደጀ ሰላሙ ላይ ከበውት ለቆሙት ገና ጥጥ ያድላል፣ አባ ክንፈም ከቤተልሔም ወጥተው «ማን ፈቀደልህ?» እያሉ ይጠይቁታል። እኔም በሰው መካከል ሰንጥቄ ገብቼ «ክኒን ከእምነት ጋር አያድርም ያልከው አንተ፣ ይህ ምንድን ነው? ክኒናቸውን አስጥለህ ክኒን አላስካቸው!» አልሁት።

እርሱም ሽቅብ ቁልቁል አየኝና «ፋቂ ስለ ቅብዓት ምን ያውቃል? ሂድ ቆዳህን ፋቅ!» አለኝ።

ፋቂ አለኝ! በእመቤታችን ቤት፣ በበዓሏ ቀን፣ በእጁ ሥራ የሚበላውን ሰው፣ ከሰው ሥቃይ የሚበላ እርሱ ፋቂ አለኝ! «ፋቂስ እግር ያውቃል!» አልሁት። «ይህ ዱካ የሸማኔው የጋሽ አይዛ ነው፤ አውራ ጣቱን እዩት፣ አርባ ዓመት ገመድ የያዘ ጣት ነው። ያላመነ ጤና ጣቢያ ሄዶ እግራቸውን ከዱካው ጋር ያስተያይ! በምስማር ላይ ቆመው ያልተሰማቸው በዚህ ሰው ብልቃጥ ምክንያት ነው!» ቅድም የተቆጡኝ እናት በእጃቸው ያለውን ጥጥ አዩና እንደ ጋለ ፍም ጣሉት። አባ ክንፈም በእርጋታ «ከረጢትህን ክፈት» አሉት፤ አልከፍትም ሲል ጥበቃዎቹ ከፈቱት፣ ከውስጡም ባዶና ሙሉ የአስፕሪን እሽግ ተዘረገፈ። «ለራስ ምታቴ ነው» አለ። ከሕዝቡ አንዱ «የስንት ሰው ራስ ነው የተሸከምከው?» ቢለው ሳቅ ሆነ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ሰበካ ጉባኤውም ለሕግ አሳልፎ ሰጠው።

ከዚያም አባ ክንፈ በዱካው አጠገብ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ተአምር አልሆነም አልላችሁም፤ ሆኗል፣ እናንተ ግን የተሳለማችሁት ሌላ ነገር ነው። ሥቃዩ ዝም ሲል ደሙ እንዲናገር ያደረገች እርሷ ናት። አታላዩ ደሙን ያቀጠነበት ያው መድኃኒት ዱካውን እስከ እግሯ ሥር አድርሶ ራሱን አታላዩን አጋለጠው።» ይህን ብለው ውሃ አስመጡና በገዛ እጃቸው ወለሉን አጠቡ።

ጋሽ አይዛም በልዑል እግዚአብሔር ቸርነት፣ በእመቤታችን አማላጅነት እግራቸው ተረፈላቸው፤ የስኳር ክኒናቸውን ዳግመኛ ጀመሩ፣ ሲስተርም ለነርቩ የሚሆነውን ሌላ መድኃኒት አዘዘችላቸው። ባዶ እግር እንዳይሄዱ ስለ ተከለከሉ በቤተ ክርስቲያን ምን ላድርግ ብለው ቢጨነቁ፣ አባ ክንፈ «ሙሴን ጫማህን አውልቅ ያለው አምላክ እግርህን ቁረጥ አላለውም፤ ወፍራም ካልሲ አድርገህ ግባ» አሏቸው። የቀረውን አንድ ክንድ ጨርሰውም በጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ፣ መጋረጃውን አገቡ፤ እኔ ጫፉን ይዤ ነበር።

ከበዓሉም በኋላ መጥተው ሳጥኔ አጠገብ ተቀመጡ፤ ለግራ እግራቸው አዲስ ጫማ እሠራላቸው ነበር። ሁለት ወር የደበቅሁትን ነገር ያን ጊዜ መያዝ አቃተኝና «ጋሽ አይዛ፣ ያን ሰው በሕዝብ ፊት የሰደብሁት እኔ ነኝ፣ ምስማሩ ግን የእኔ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦

«አውቃለሁ። ሲስተር ስትነቅለው ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ፤ ዝም ያልኩት እስክትናገር ነው። እግዚአብሔር ይፍታህ። ቃጠሎውም ተመልሷል፣ ይኸውልህ አሁን ስናወራ እየፈጀኝ ነው፤ በፊት ውሰጅልኝ እያልኩ ነበር የማለቅስባት፣ አሁን ግን እርሷ ደጄ ላይ ያቆመችልኝ ዘበኛ ነው እላለሁ፣ ሲጮህ እነቃለሁ። ይህን ጽፈህ ታነባለህ አሉ፤ የሚሰሙህን ሁሉ እግራቸውን ከስለት፣ ጆሯቸውን ከአታላይ ትጠብቅልህ፣ ያመማቸውንም በእውነተኛ እጅ ላይ ትጣልልህ፣ አሜን በል። በል አሁን አውራ ጣቱ ጋ ሰፋ አድርግልኝ፤ ‹አደራሽን› የምላት በእርሱ ነው።»